ሲጢጥ የሚለው አንገት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጥፋቱ የወንድሜ ነው። የሌላ የማንም አይደለም። ነገ ልቤ ቢራራ እንኳ ይሄን መስመር አልሰርዘውም።

ልጄ ጠዋት እንደ ልማዷ ቦርሳዋን አዝላ ወጣች። ፋሻው፣ መርፌው፣ የልብ ማዳመጫው... ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ቤት ለቤት እየዞረች የምታክም ነርስ ናት። በሽተኞቿ ደግሞ መኪና የማይገባበት አቀበትና ቁልቁለት ላይ ነው የሚኖሩት፤ ስለዚህ የተራራ ብስክሌት ትነዳለች። በሩን ዘግቼ ሳልጨርስ ሰማሁት። ሲጢጥ። ፍሬን ስትይዝ ሲጢጥ፣ ስትለቅ ሲጢጥ። ያረጀ አልጋ ላይ ሰው ሲገላበጥ እንደሚሰማው። እስከ ቁልቁለቱ ጫፍ በጆሮዬ ተከተልኳት።

ከፊት ነው። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው የሚወርዱት፣ ውስጣቸው ሞላ ያለው ሁለቱ እግሮች... እሱ ፎርክ የሚለው። ወንድሜ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ባለፈው ወር የድሮውን ነቅሎ ይሄን ተከለላት። ስጦታ ነው ብሎ። ሰፈር ሁሉ እያየ። «ለእህቴ ልጅ ያልሆነ እጅ ይቆረጥ!» አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ መሰለኝ።

ከዚያ በፊት ብስክሌቱ ድምፅ አልነበረውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የወንድሜ ሱቅ ሄድኩ። እጀ ወርቅ ይሉታል፤ እሱም አላፈረም፣ በሩ ላይ አጽፎታል።

«እታለም፣ አዲስ ጫማም ይጮኻል» አለኝ።

«ጫማ ሰው ቁልቁል አይጥልም።»

«ግራሶ ጎድሎት ነው። ነገ ትላከው።»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ግራሶ ቀባው። ከሱቁ ሲወጣ ዝም ብሏል። ቤት ሲገባ... ሲጢጥ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ቱታው መጣ። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳጥብለት በከረጢት አድርጎ የቤቴ በር እጀታ ላይ ያንጠለጥለዋል፣ እሁድ ከሰዓት ይወስዳል። ሚስቱ ገና ሙሽራ ሳለች «እኔ ግራሶ አልነካም» አለች፤ ተገላገለች። እኔን ማን ሙሽራ አድርጎኝ?

መጀመሪያ ነጭ ጋዝ፣ ከዚያ ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ ሳሙና። ግራሶ እንደ ክፉ እንግዳ ነው። ያስቸግራል፣ በመጨረሻ ግን ይወጣል።

በፊት የማጥበው የትምህርት ቤት ልብሱን ነበር። ለእኔ የሚታጠብ የትምህርት ቤት ልብስ አልነበረኝም። እናታችን «እሱ ለሁለታችሁም ያነባል» ትል ነበር። አነበበልኝ? አንድ ቀን? ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጄ ናት፣ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ የመድኃኒት ካርቶን እያስነበበች። ለዚህ ነው ከስሜ በፊት «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» መጻፍ የቻልኩት።

እጄ ዛሬም ነጭ ጋዝ ይሸታል። ወረቀቱም ሳይሸት አይቀርም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ልጄ ዛሬ ሥራ የላትም። ብስክሌቱን ግቢ ውስጥ ገለበጥኩት። የፊት ጎማውን አሽከረከርኩት። ምንም። ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ። ምንም። የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ራጂዎቹን፣ ሁለት ሁለቱን እየጨመቅኩ ዞርኩ... አንዱ ጋ ቂጭ አለ። አገኘሁት! ራጂ ላልቷል።

«እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ጆሮ የለኝም?»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ራጂ አይደለም።

ደንበኞቹ ፊት ነው የነገርኩት፣ ስህተቴ። አጠበቀው፣ ነድቶ አሳየኝ፣ ሲጢጥ አለ። ሁሉም ሰማ። «እታለም ራጂ ትቃኛለች፣ ጊታር መስሏት!» ሳቁ። አንዱ ወሬኛ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብሎ ጨመረበት። የማን ልጅ ነኝ እኔ? የእሱ? ያዘልኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?

ይሳቅብኝ። ራጂ አይደለም ማለት ግን ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ያ ሁሉ ሳቂ አልጠየቀም፣ የት ነው ብሎ።

እሁድ፣ ጥቅምት 17

ልጄን ብስክሌቱ ላይ አስቀመጥኳት። «የፊት ፍሬን ያዢ። አትልቀቂ። አሁን ወደፊት ወደኋላ ተወዛወዢ።» ጎማው አይዞርም፤ ድምፁ ግን አለ። እንግዲያው የጎማው አይደለም።

ጣቴን መሪው ሥር አኖርኩ። አይንቀጠቀጥም። ከመሪው የሚወርደው ቱቦ... አንገቱ... ዙሪያው ያለው ኩሽኔታ ላይ። ትንሽ። ታች እግሮቹ ላይ። ትንሽ። እርግጠኛ ልሆን አልቻልኩም። አንድ ጊዜ ተስቆብኛል፣ ሁለተኛ አልፈልግም።

«የልብ ማዳመጫሽን አምጪ» አልኳት።

«እማዬ!»

«አምጪ ብያለሁ።»

እየሳቀች ሰጠችኝ። ጆሮዬ ላይ ሰካሁት። መሪው ላይ፣ ከሩቅ። እግሮቹ ላይ፣ ከሩቅ። ከዚያ ሁለቱ እግሮች ከላይ የሚገናኙበት ወፍራም ብረት አለ፤ እኔ ትከሻው እለዋለሁ። አንገቱ እዚያ ውስጥ ነው የሚሰካው። እዚያ ሳሳርፈው... ጆሮዬን ሊበጥሰው! ቶሎ ነቀልኩት።

ልጄም አዳመጠች። ሳቋን ተወች።

«በሽተኛው አንገቱን ነው ያመመው» አለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ነገርኩት። አንገቱ ትከሻው ውስጥ ይላወሳል አልኩት።

ኪያቤውን፣ የብሎን መፍቻውን፣ አስቀመጠ። ይሄ ሰው ኪያቤ አስቀምጦ አያውቅም፣ ሲበላም ይዞት ነው።

«እዚያ ጋ ብሎን የለውም እኮ፣ እታለም። በፋብሪካ ተገፍቶ የገባ ነው። ምኑን ላጥብቀው?»

«እንግዲያው ቀይረው።»

«የሚጮኽ ነገር ሁሉ ይሰበራል ያለሽ ማነው? አንቺ ስንት ዓመት ጮኸሽ፣ ተሰበርሽ?»

ቀልዱ ነው። እኔም ሳልወድ ከንፈሬ ሸሸ... ሳቅ ነገር። ከዚያ «ነገ ትተወው፣ አየዋለሁ» አለ። ድምፁ ለስለስ ብሎ። ያ ነው ያልወደድኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ዝም ብሏል! ልጄ ነድታ አየች፣ ቁልቁል ወርዳ ወጣች፣ ፍሬን ያዘች። ምንም። አጎቷን አቅፋ ሳመችው።

«ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ትንሽ ነገር።»

«እጅህ ይባረክ» አልኩ። ምን ላድርግ? ዝም ብሏል። ምናልባት እኔ ነኝ ክፉ። ልጄም አለችኝ፦ «እማዬ፣ በሱ ላይ ያለሽን ቂም ብስክሌቴ ላይ አትወጪው።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ቱታው መጣ። ዛሬ ልጽፍ አላሰብኩም ነበር።

የቀኝ እጅጌው ጫፍ ደርቋል። እንደ ሰሌዳ። ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት፤ አይለቅም። ፈተግኩት፣ በሳሙና፣ በቢላ ፋቅኩት። አረንጓዴ ነው። ግራሶ አይደለም። ግራሶ ይለቃል ብያለሁ።

ይሄን አውቀዋለሁ። ብሎን እንዳይፈታ የሚቀባው ሙጫ ነው። ያለፈው ዓመት አንድ ጠብታ ቱታው ላይ ነክቶ ነበር፣ እስካሁን አለ። ያኔ ግን ጠብታ ነው። ይሄኛውን አፍስሶታል።

የት ላይ? እዚያ ጋ ብሎን የለውም ያለኝ ራሱ አይደለም?

ቁጭ አልኩ እርጥቡን እጅጌ ይዤ። አላስተካከለውም። አፉን ነው ያጣበቀው። የሚላወሰው እንደተላወሰ፣ ድምፁን ብቻ አጥፍቶ ለልጄ ሰጣት። እሷ ደግሞ አሁን ቁልቁለቱ ላይ ናት!

ደጅ ቆሜ ጠበቅኩ። በፊት ከሩቅ በድምፁ አውቃት ነበር። ዛሬ ምንም ሳይሰማ ከፊቴ ብቅ አለች። እንዲህ ያለ ዝምታ ያስፈራል።

ልብሷን ስትቀይር የፊት ጎማውን ፈትቼ አልጋዬ ሥር ከተትኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 24

ጠዋት ተጣላን። «ነገ ቁስል የምቀይርላቸው ሰዎች አሉ! በእግሬ ልሂድ?»

«በእግርሽ ሂጂ።»

«አንቺ እኮ ዝም ቢልም ይጮኽብሻል!»

ከሰዓት እሱ ቱታውን ሊወስድ መጣ። እጅጌውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሙጫ ነዋ። ለብሎን።»

«ለየቱ ብሎን?»

እጅጌውን ወደ ራሱ ሳበ።

«ብሎን የለውም ያልከኝ ረቡዕ ነው። ለየቱ ብሎን?»

«እታለም፣ ነገር አታክርሪ። ዝም እንዲል አልነበር የፈለግሽው? ዝም አሰኘሁት።»

ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። እስከዚያች ደቂቃ የሱ ወገን ነበረች። «አጎቴ፣ ንቀለው» አለችው።

«እሁድ ነው እኮ... ዕቃዬም ሱቅ ነው...»

«ኪያቤህ ከኪስህ ተለይቶ አያውቅም። ንቀለው።»

ግቢ ውስጥ ነቀለው። እያጉረመረመ። ፎርኩ ሙሉውን ወጣ። አንገቱ ትከሻው ላይ በሚገባበት ሥር ዙሪያውን አረንጓዴ ቀለበት። ልጄ ቦርሳዋን ከፈተች፣ መቀስ አወጣች፣ ሙጫውን ቀስ እያለች ፋቀችው፣ በጥጥና በአልኮል ጠረገችው። ቁስል እንደምታጸዳ። ከሥሩ ጸጉር ታየ። የኔ ሽበት ወድቆበት መሰለኝ። ላነሳው ጥፍሬን ሳሳልፍበት ጥፍሬ ያዘ።

ጸጉር አይደለም። ብረቱ ተሰንጥቋል።

እሱ ጎንበስ ብሎ አየ። «ያኔ እንዲህ አልነበረም» አለ፣ «ቀጭን ነበር።»

ካፉ አመለጠው። ሦስታችንም ሰማነው።

ቀጭን ነበር። አይቶታል! አይቶት ነው ሙጫ የቀባው። አይቶት ነው ልጄ ስትስመው ጉንጩን የሰጣት።

ልጄ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የሚጠጣ ውሃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም። እሱ ማውራት ጀመረ፣ አያቆምም። ከተጋጨ ብስክሌት ያወጣው ነው። ደህና መስሎት ነበር። «ስጦታ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሰጥቼ... እንዴት መልሼ የተሰነጠቀ ነው ልበል? እጀ ወርቅ የሚለኝ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ሁሉ እያየ ብትወድቅስ?» አልኩት።

ቱታውን አነሳ። ንጹሕ ነበር፣ ከእጅጌው በቀር። ይዞት ወጣ! በዚያ ሰዓት እንኳ አልረሳውም!

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ልጄ ሦስት ቀን በእግሯ ሄደች። አላማረረችም። ዛሬ ማዶ ያለው ጠጋኝ ጋ አዲስ ፎርክ አስተከልን። ከካርቶኑ ሲወጣ ቆመን አየን። አንገቱን በጥፍሬ ዞርኩት። ሰውዬው «እማማ፣ ምን እየፈለጉ ነው?» አለኝ። ጸጉር አልኩት።

ወንድሜ በሁለት ሰው ይቅርታ ልኳል። ራሱ አልመጣም። የተሰነጠቀውን ፎርክ መልሺልኝ አለ፣ ሰው እንዳያየው ይሆናል። እኔ ጋ ነው። በር ማስደገፊያ አድርጌዋለሁ፣ አንገቱን ወደ መንገድ አዙሬ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ጠዋት ስትወጣ አዳመጥኩ። ጎማው ጠጠር ላይ፣ ካቴናው፣ በቃ። እስከ ቁልቁለቱ ጫፍ። ፍሬን ያዘች። ምንም። ይሄኛውን ዝምታ በጥፍሬ ፈትሼዋለሁ።

ከዚያ ዘወር ስል እጀታው ላይ ከረጢቱን አየሁት። ተንጠልጥሏል። እንደ ሁልጊዜው። ምንም እንዳልተፈጠረ! መቼ አንጠልጥሎት እንደሄደ እንጃ፣ ደፍሮ አላንኳኳም።

ጎረቤቴ አይታ «የእናት ልጅ ነው፣ ይቅር በይው» አለችኝ። ልጄ ይቅር ብላዋለች አሉ። እሷ ታውቃለች፣ አንገቱ የሷ ነበር። እኔም አንድ ቀን እል ይሆናል። ይቅር ማለት ሌላ፣ ማጠብ ሌላ።

ነጭ ጋዙን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ከረጢቱ አሁንም እዚያው እጀታው ላይ ነው፤ በሩን ስከፍት ይወዛወዛል፣ ስዘጋ ይወዛወዛል። አላወረድኩትም። አላወርደውም። የወንድሜን ልብስ ከእንግዲህ አላጥብም።