የጉናው ሽቦ

ደብረ ታቦር፣ ረቡዕ፣ ሰኔ ፬ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

የጦር ሰፈሩ ስልክ ከትናንት ጀምሮ ጭጭ ብሏል። የሰፈሩ ካድሬ የስልክ መስመር ጠጋኙን እኔን «ፀረ አብዮተኛ ቆርጦት ነው!» እያለ ሲያጣድፈኝ በበቅሎ ጉና ተራራ ወጣሁ። በሁለት ምሰሶዎች መካከል የነበረው ሽቦ የለም። እዚያው ሥር አንድ ሽማግሌ ያርሳሉ። ሞፈሩን ከቀንበሩ ያሰሩት በእኔው ሽቦ ነው!

«አባቴ፣ ይረሽኑዎታል እኮ!»

«የቆዳው ምራን ተበጠሰብኝ፤ ወድቆ ባገኘሁት አሰርኩ። ዝናቡ ይጠብቀኛል፣ ልጄ?»

አዲስ ሽቦ ቀጥዬ ተመለስኩ። ስልኩ ሠራ። ለካድሬው «ነፋስ ነው የጣለው» አልኩት።

የያዝኩትን የሽቦ ጥቅል ማነስ አየና «ነፋስ ከጣለው አሮጌው ሽቦ የት ገባ? ነገ አብረን ወጥተን እናያለን» አለኝ።

ነገ አቦ ነው፤ ሽማግሌው አያርሱም። ግን ሞፈሩን ከነሽቦው ማሳው ላይ ጥለውት ካደሩስ?