ያልመረቅኩት ምርቃት

ጥር 14፣ ጠዋት

የምትጽፈው የታች ቤቷ ዘነበች ናት። ቃሉ የኔ፣ እጁ የሷ። ውሃ ዛሬም የለም። ጀሪካን ላስሞላ ስል ስልክ ተደወለ። የወንድሜ ልጅ፣ ከሃያ ሁለት ሰፈር። ትላንት በማሕሌት ቀለበት ላይ ስለሰጠሁት ምርቃት ልታመሰግነኝ ነው። ሰው ሁሉ አለቀሰ አለች።

አንተ ደብተር፣ ማሕሌት የልጄ የቢንያም ልጅ ናት። ቀለበት ማሰሯን የሰማሁት አሁን ነው። ትላንት እዚሁ የካ አባዶ ነበርኩ፣ ጋቢዬን ደርቤ። ማንን ነው የሰማሽው አልኳት። እርስዎን ነዋ ጋሼ፣ በድምፅ ማጉያ።

ጥር 15፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ቢንያም መጣ፣ ሙዝ ይዞ። ቦሌ የኮምፒውተር ቢሮ አለው። ስልኩን አፌ ሥር ደቅኖ ታሪክ ይንገሩኝ ሲለኝ የከረመው ለልጆች ማስታወሻ ነው ብሎ ነበር። ለካ በኔ ቃል ማሽን ሲቀልብ ኖሯል። ሐሳብዎ፣ አመልዎ፣ ሁሉም ገብቷል ይላል። ከእንግዲህ አይሞቱም አባባ ይላል።

ለቀለበቱ ለምን አልጠራኸኝም? መንገዱ ሩቅ ነው፣ እንዳይደክሙ ብለን። ብለን። እነማን ናችሁ? ማሕሌትም ማሽን መሆኑን ታውቃለች አለኝ። አውቃ አሜን ብላለች። ይኼ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

አስከፈትኩት። ድምፄ ነው። ሳሌ እንኳ የኔ ነው። ምርቃቱን ጨርሶ እንትፍ እንትፍ አለ። ምራቁስ አልኩት ቢንያምን። ድምፁ ይበቃል አለ። እኔ የመረቅኩት ሰው ግንባሩ ይረጥባል። ዘነበች ሳቀች። ማሽኑስ ቢያንስ ንፁሕ ነው ጋሼ አለች። ይኼንንም ጻፊው ብያታለሁ።

ጥር 18፣ ማታ

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እግዜር እፍ ያለበትን ሰው ወደ ሳጥን ማዛወር ይቻላል ወይ አልኳቸው። ነፍስ የሰጪዋ ናት፣ ማንም አያዛውራትም አሉ። ልጅቷም አሜን ያለችው ለእግዚአብሔር ነው፣ አይቆጡ አሉ። እሺ። ከሞትኩ በኋላ ማሽኑ በድምፄ ቢዋሽ፣ ቢራገም፣ ንስሐው የማን ነው? ጢማቸውን አሻሹ። ጠይቄ እነግርዎታለሁ አሉ።

ለኔ ግን ተመልሶልኛል። ንስሐ የማይገባ ምን ይመርቃል? ሰው ሲመርቅ ከራሱ ቆርሶ ነው። እኔ ልሙት። ሞቴ የኔ ነው። ተዝካሬ እየተበላ ከጓዳ ላወራ ነው እንዴ?

ጥር 22፣ ጠዋት

ቢንያም ደወለ። ሰርጉ ነገ ነው፣ አያት ሰፈር፣ አዳራሽ። ቅር ካለዎት ይቅሩ፣ ማሽኑ አለ አለኝ። ለኔ ለአባቱ። ማሕሌት ስልኩን ቀማችው። እርስዎ ፈቅደው መስሎኝ ነው አባባ አለች። ፈቅደዋል ብሏታል። ልጁንም ዋሽቷታል።

እሄዳለሁ። ማሽኑ ካልተዘጋ ደጃፍ እቆማለሁ እንጂ አልገባም። ማሕሌትን በአፌ እመርቃለሁ፣ ግንባሯን አረጥባለሁ፣ ሜካፑ ይበላሽ። ቢንያም ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ እጄን አላነሳም። አልረግመውም። አልመርቀውም።

በይ ዘነበች፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ያላልኩትን ከጨመርሽ አውቃለሁ። ዝም ያልኩበት ቦታ ላይ አንቺም ዝም በይ።