አባታችን አባ ጓሮ እና የዘንድሮው ዝኩኒ

ሰፈሩ ሁሉ «አባ ጓሮ» እያለ የሚጠራቸው አባታችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከዘበኛ አባታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አምስተኛው ስለነበሩ ሳህን ላይ ምግብ ማስተረፍ የሚባል ነገር ሳያውቁ አደጉ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1961 ዓ.ም. በሊፍት ጥገና ሙያ ተቀጠሩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀናቸውን በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከግራሶና ከሽቦ ገመድ ጋር አሳለፉ። ፀሐይ የናፈቃቸውም እዚያ ነው። በ1969 ዓ.ም. እናታችንን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ፤ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ደግሞ እንደ አራተኛ ልጅ አሳደጓት።

በጋ ሲገባ እኚያ ቁጥብ ሰው ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። ፀሐይ ያሞቀውን ቲማቲም ቀጥፈው፣ በሸሚዛቸው ጠርገው፣ ጨው ነስንሰው እዚያው ቆመው ይበሉ ነበር፤ ጭማቂው በክርናቸው ሲወርድ እናታችን ስለ ሸሚዙ ይቆጡ ነበር። ለዝኩኒው ግን ልባቸው ይሸነፋል። እውነቱን ለመናገር ከእኛ ይልቅ እሱን ያቀብጡ ነበር፤ ቅናቱ እስከ ዛሬ አልወጣልንም።

አምና ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ለዓይን የሚያምር የማይበላ የጌጥ ዱባ ተከሉ። ክፋት አልነበራቸውም። ንብ ግን አጥር አያውቅም። አባታችን እንደ ልማዳቸው ከአምናው ምርጥ ዝኩኒ ዘር አውጥተው አደረቁ፤ በጋዜጣ ጠቅልለው ለአሥራ ሁለት ሰው አደሉ፤ ለራሳቸውም ዘሩ። ቡቃያው ከወትሮው ይልቅ አማረ።

ታኅሣሥ 3 ቀን የመጀመሪያው ዝኩኒ ተጠብሶ ለምሳ ቀረበ። እናታችን አንዴ ቀምሰው ተፉት፤ «ኧረ ይሄ ሬት ነው፣ ይተዉት!» አሉ። አባታችን «መድኃኒትም ይመራል» ብለው ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ጨረሱ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ያስመልሳቸው ጀመር፤ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ እንደነገሩን፣ ከጌጥ ዱባ ጋር የተዳቀለ ዝኩኒ መርዝ ይይዛል፤ ቢቀቅሉትም ቢጠብሱትም አይለቅም። ምልክቱ ምሬቱ ብቻ ነው። አባታችን ይህን ሲሰሙ ዘር የሰጧቸውን ሰዎች በጣታቸው እየቆጠሩ ይነግሩን ጀመር፤ አሥራ አንዱን ጠርተው በአሥራ ሁለተኛው ላይ ራሳቸውን ሳቱ፤ ከዚያ ወዲያ አልነቁም።

ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ጥለው ሄደዋል።

የአሥራ አንዱን ጓሮ ቤት ለቤት ዞረን ዝኩኒውን ነቅለናል። አሥራ ሁለተኛው ዛሬም ፍሬ እየያዘ ነው፤ ባለቤቱም የአባታችን ወዳጅ ናቸውና አሁን እዚህ ቀብሩ ላይ ከመካከላችን ሳይቆሙ አይቀሩም። በጣም ፈርተናል።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ከድካሟ ያሳርፍልን። እርስዎ ግን፣ ያን ጥቅል የተቀበሉት ሰው፣ ቀብሩን አይጠብቁ። ልጆች ከትምህርት ቤት ለምሳ ሳይገቡ ቤትዎ ይድረሱ። አባታችን አይቀየሙዎትም።