የቀሪ ቅጣት በስልክ

እሑድ

አልሰሙኝም። ከቅዳሴ በኋላ የዕድራችን ስብሰባ ነበር። ገንዘብ ያዡ ጌታነህ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያለው፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየን። ከእንግዲህ ወርሃዊው መዋጮ በዚህ ይከፈላል አለ። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ከያሉበት ይልካሉ፤ የባንክ ካርድ ያለው ካርዱን ስልኩ ላይ ያስነካል፤ አለቀ። ይሁን። በመዋጮው ክርክር የለኝም።

ቀጥሎ ግን ከቀብር የቀረ ሰውም ቅጣቱን በስልክ ይላክ አለ። እዚህ ላይ ተነሣሁ። በእኛ ዕድር የቀረ ሰው በስብሰባ መካከል ቆሞ ለምን እንደቀረ ይናገራል፤ ከዚያ ይከፍላል። ቅጣቱ መቆሙ ነው። ብሩማ ከሻይ ዋጋ አያልፍም። ይህን አስረዳሁ።

«እትዬ በለጡ፣ ትልቅ ሰው እንደ ተማሪ ይቆማል እንዴ?» አለ ጌታነህ። ሳቁ። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜም መቆም አይወድም ነበር።

እጅ ወጣ። ተቃዋሚ፦ እኔ ብቻ። የዕድሩ ጸሐፊ በመሆኔ የተሸነፍኩበትን ውሳኔ ቃለ ጉባኤው ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሥርዝ ድልዝ የለውም።

ሰኞ

ሐቁን ልጻፍ። መዋጮው እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ውዝፍ ያለባቸው እንኳ ከፈሉ። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ የእናቱን የዓመት መዋጮ በካርዱ ከፈለ፤ ካርዱን ጌታነህ ስልክ ጀርባ ላይ አስጠጋ፣ በቃ። ጌታነህ ሚስማር የሚገዛውን ሰው አቁሞ ያሳያል።

እኔም መክፈል ተማርኩ። ያስተማረችኝ ሚስቱ አስካለ ናት። የምሥጢር ቁጥሬን ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ ቀጥሎ ገባ።

«ጎበዝ!» አለችኝ።

በዚህ ዕድሜዬ ጎበዝ ተባልኩ። ደስ አለኝ። ደስ በማለቴ ተናደድኩ።

ማክሰኞ

ጥሩነሽን ልጠይቅ ገባሁ። ጎረቤቴ ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ልጅ የላት፣ ወንድም የላት፤ ያላት ዕድሩ ነው። ሳሉ ብሶባታል። ለባና ብርድ ልብስ የምትፈትለው የበግ ጠጉር ተባዝቶ ቅርጫቱ ውስጥ ቀርቷል።

«የቀረ ሰው በስልክ ይከፍላል የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ግድግዳው ነዋ። ብቻሽን ስትቆጪ ይሰማል።»

ሳቅን። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። ሲያልፍላት «እኔን እንግዲህ ማን ይሸከመኛል?» አለች። «አገሩ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው።»

«ዝም በይ፤ አትሞቺም።»

«መሞቱንስ እሞታለሁ። አራት ሰው እያንገላታ እንዳይወስደኝ ነው የምፈራው። እኔ ያልቀበርኩት ሰው አለ? በውርጭ፣ በዝናብ...»

እውነቷን ነው። በስብሰባ ቆማ «ቀርቻለሁ» ስትል አይቻት አላውቅም።

ሰው ሳይሰበሰብ አትቀበሪም አልኳት። ቃል ገባሁ ማለት ነው። በምን እንደምፈጽመው አላውቅም። እንዲህ ያለ ቃል መስጠት ልማዴ አይደለም።

ሐሙስ

ትናንት አልጻፍኩም፤ ጉልበቴ።

ዛሬ የአቶ ደስታ ቀብር ነበር። ልጁና የልጅ ልጁ ብዙ ነውና ቃሬዛው ተሸካሚ አላጣም። ዕድርተኛውስ? ገብሱን ያጭዳል። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ የጌታነህ ስልክ በኪሱ ውስጥ ጢን ይላል። ደግሞ ጢን። ቅጣት እየገባ ነው። አፈሩ ሲመለስም ጢን።

በዓይኔ ገሠጽኩት። ኪሱን በመዳፉ አፈነው።

ስንመለስ አጠገቤ መጥቶ «እትዬ፣ ዛሬ ብቻ የገባውን ቢያዩት!» አለኝ። የማመሰግነው መስሎታል።

«ዕድር ያቆምነው ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው ወይስ ሰው ለመቅበር?»

«ለሁለቱም ነው እንጂ እትዬ።»

ይህ መልስ ነው? ድሮ ቢሆን ዜሮ እሰጠው ነበር።

ዓርብ

ጥሩነሽ አረፈች። ከቀትር በኋላ። እጇ በእጄ ነበር፤ ስትሄድ አላስቸገረችም።

ቀብሯ ነገ ነው። ነገ ደግሞ ገበያ ነው። በግ የሚሸጥ፣ ገብስ የሚሸጥ፣ ሁሉም በጠዋት ይወጣል። ቅጣቱን ከገበያ መሐል ሆኖ መላክ ይችላል። ማን ይቆፍራል? ማን ይሸከማል? ሳስበው ሳስበው ፊቴ የሚመጡት የሽማግሌ ፊቶች ናቸው።

ጌታነህ ዘንድ ሄድኩ። ለነገ ብቻ ቅጣት በስልክ አትቀበል አልኩት።

«የዕድሩ ኮሚቴ ሳይወስን አልችልም። ውሳኔውን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ሥርዓት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወደ ጥሩምባ ነፊያችን ወደ አያ ሞገስ ሄድኩ። ሲነጋ ዞረህ ሞቷን ስትናገር ይህን ጨምርልኝ አልኩት፦ የዚህ ቀብር ቀሪ ቅጣት በስልክ አይከፈልም፤ የቀረ ሰው በስብሰባ ቆሞ ምክንያቱን ይናገራል።

«ኮሚቴው ብሏል?»

«አላለም። እኔ ብያለሁ።»

ጥሩምባውን በጋቢው ጫፍ እየወለወለ አየኝ። «ቢያባርሩኝስ?»

«ያስነፋሁት እኔ ነኝ እላለሁ።»

«ሚስቴ የሞተች ዕለት ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ጥሩነሽ ናት» አለ። «እነፋለሁ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ያልተወሰነ ነገር ተወሰነ ብዬ አስነግሬ አላውቅም። ዛሬ አደረግሁት። ጽሑፌም ተበላሽቷል።

ቅዳሜ

ጥሩምባው በውርጩ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ። አያ ሞገስ አንድ ቃል አልዘለለም። ብዙም ሳይቆይ ጌታነህ በሬን ደበደበ።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ! ይከፈላል አይከፈልም እያለ ሰው ሁሉ እኔ ላይ ይደውላል!»

«አንተ ምን አልካቸው?»

«ምን ልበል?»

«ምንም አትበል። ስልክህን አጥፋና አካፋ ያዝ። ካልሆነ ብቻህን ትሸከማታለህ።»

ቆመ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አጠፋው። ሄዶ ሲቆፍር አየሁት፤ ደህና ቆፋሪ ነው።

መጡ። ለመጻፍም ይከብደኛል፤ ግን መጡ። አህያውን ከነጭነቱ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ያሰረ አለ። በጎቹን እየነዳ የመጣም አለ። ሁሉም አኩርፏል። ከበደ የሚባለው በግ ነጋዴ ፊቴ ቆሞ «ስልኩ ቢሠራ ኖሮ አልመጣም ነበር። ገበያዬን አበላሹብኝ» አለኝ።

«እግዜር ይስጥህ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

እሱው ሄዶ የቃሬዛውን ፊት ያዘ። ዳገቱ ላይ ሌሎች ልንቀበልህ ሲሉት «ተዉኝ» አለ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አልለቀቀም። እንዳኮረፈ ነው የተሸከማት።

ጥሩነሽ ሳትንገላታ ሄደች። ይህን ጽፌ ትንሽ ተነፈስኩ።

ግን ልዋሽ? ብዙዎቹ ለእሷ ብለው አልመጡም። በስብሰባ መቆሙን ፈርተው ነው የመጡት። ፍርሃትም ሰው ይቀብራል ለካ። አየሁት፤ አልጣመኝም።

ነገ ኮሚቴው ይጠይቀኛል። ከጸሐፊነት ሊያነሡኝ እንደሆነ አስካለ ሹክ አለችኝ። ያንሡኝ፤ ያደረግሁትን አልክድም። ውሳኔው ግን እንዳለ ነው፤ ጌታነህ ስልኩን ከቀብር መልስ ከፍቶታል። አያ ሞገስ በዕድሜ ይበልጠኛል። እኔ ስሞት ስልኩን አጥፉ የሚል ማን እንደሚቀር አስቤ አስቤ፣ እስካሁን ስም አልመጣልኝም።