ብረቱ ራሱ ተኮሰ ይላሉ

ሰኞ፣ መጋቢት 14። ከቀኑ 7፡30
ከት/ቤት ገባሁ። ሽሮ ሠራሁ፣ አረረብኝ። የሒሳብ የቤት ሥራ አለ፣ አልነካሁትም።
ገታነህ ከሞተ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኑ። ወንድም ነበረኝ ማለት አሁንም አፌን ይይዘኛል።
አጎቴ አስማረ ደወለ። እሑድ ሽማግሌዎች ትክል ድንጋይ፣ እኛ ቤት ይቀመጣሉ አለ። ጥይቱ ከእጁ የወጣበት እንየው ዕርቅ ጠይቋል። አባቴ እሺ ካለ ያበቃል። እንቢ ካለ ደሙን አስማረ ይመልሳል። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ የበሬ ዋጋ የሚያወራ ይመስል ነበር።
ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ብቻ፦ እንየውን አላምነውም። የቀበሌው ጥበቃዎች የኢላማ ልምምድ ነበራቸው። ሲጨርሱ እሱና ወንድሜ ብቻቸውን ቀሩ። ገታነህ ክላሹን አስይዞት ኢላማውን ሊያይ ሄደ። ጥይቱ ከኋላው መጣ። ቃታ አልነካሁም፣ ላስደግፈው ስል ብረቱ ግሎ ራሱ ተኮሰ ይላል እንየው። ራሱ! አምና በእርሻ ድንበር ተጣልተው ነበር። ሁሉም የረሳው ይመስላል። እኔ አልረሳሁም።

ረቡዕ፣ 16
የፊዚክስ መ/ሩን ጠየቅሁ። የሙቀት ምዕራፍ ነው ብዬ። ብረቱ በጣም ከጋለና ውስጡ ጥይት ከቀረ፣ ባሩዱ ያለ ቃታ ሊቀጣጠል ይችላል አለ። በጥቂት ተኩስ ግን አይሆንም። ከመቶ በላይ፣ ያለ ዕረፍት።
ምነው ጠየቅህ? አለኝ። ለፈተና አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም።
እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው። ያ ክላሽ ያን ቀን ስንት ጥይት ተኮሰ?

ዓርብ፣ 18። ትክል ድንጋይ
ከምማርበት ከማራኪ ተነሥቼ ገባሁ። እናቴ አቀፈችኝ።
አያ ታከለ ቤት ሄድኩ። የድሮ ወታደር ናቸው፣ ተኩሱን የሚያለማምዱት እሳቸው። ብረት እንዴት ይቀዘቅዛል ብዬ ጀመርኩ። ደስ አላቸው፣ ብዙ አወሩ። በመጋቢት ፀሐይ ከአንድ ካዝና በላይ አታከታትልም። ካዝናውን ትነቅላለህ፣ ውስጥ የቀረችውን ጥይት ታወጣለህ፣ ከፍተህ ጥላ ውስጥ ታቆመዋለህ። ውኃ የለም፣ ርጥብ ጨርቅ የለም። እጅህን አስጠግተህ ካልፈጀህ ትመለሳለህ።
ያን ቀን ስንት ተኮሱ አልኳቸው።
“ለያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካዝና። በእጄ ነው ያደልኳቸው።”
“ሌላ አልሰጡም?”
“ምነው አንተ ልጅ፣ ፖሊስ ሆንክ እንዴ?” ሳቁ። ወዲያው ከብት ላስገባ ብለው ተነሡ። ከብቱ እኮ ገብቶ ነበር።
ሁለት ካዝና ስልሳ ጥይት ነው። ስልሳ አያደርሰውም። ይዤሃለሁ እንየው!
ስመለስ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል። ግራ መዳፉን ዘረጋ፣ ቆዳው ተልጧል። እየው እንጂ ወንድሜ፣ ብረቱ ነው የፈጀኝ አለ። መዳፍ በምድጃም ይቃጠላል። ወንድሜ አትበለኝ ብዬ አለፍኩ።

ቅዳሜ፣ 19። ከቀኑ 6፡00
መተኮሻው ቦታ ወርጃለሁ። ውሸቱን ላወጣ። ሙቀቱ አናት ይበሳል።
ልጆች ከየልምምዱ በኋላ ቀለሁን፣ የተተኮሰውን ጥይት ባዶ፣ ይለቅማሉ። አንድ አያስቀሩም። ከገታነህ ወዲህ ግን እናቶች ማንንም አላወረዱም። ስለዚህ የቀረው የዚያ ቀን ነው። እንየው ገታነህ ከዚህ ነው የተኮሰው ብሎ ለፖሊስ ያሳየው ድንጋይ ጋ ተንበረከክሁ። ቀለሁ ሁሉ በድንጋዩ ቀኝ ተከምሯል። ክላሽ ቀለሁን ወደ ቀኝ ነው የሚተፋው፣ የተኮሰው አንድ ጠመንጃ ነው።
174። ድጋሚ ቆጠርኩ። 174።
ከድንጋዩ ሥር ባዶ የጥይት ካርቶን። የጥይት ሣጥኑ ቁልፍ ያለው አያ ታከለ ጋ ብቻ ነው።
ገታነህ ለወረዳው የተኩስ ውድድር ቸኩሎ ነበር። በስልክ፦ አንደኛ እወጣለሁ፣ አንተ ተማሪ፣ ታያለህ! እኔም በርታ አልኩት። ብረቱን አላሳረፈውም። የቀረችውንም ጥይት ሳያወጣ እንየውን አስያዘው።

9፡00
አያ ታከለ ካርቶኑን ሲያዩ ተቀመጡ። ለምኖኝ ነው አሉ። ሸጋ ተኳሽ ነበር፣ እንቢ ማለት አቃተኝ፣ ሰጥቼው ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።
“ይህን ካወጣህ በገዛ ጥፋቱ ሞተ ይባላል። ለእናትህ እዘን ልጄ።”
ለእናቴ ነው ወይስ ለራሳቸው?

እሑድ፣ 20። ከጠዋቱ 3፡00
ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። እንየው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አስማረ በሩ አጠገብ፣ ጠመንጃው ጭኑ ላይ። አያ ታከለም አሉ፣ ወደ እኔ አያዩም።
ሌሊቱን ያሰብኩትን ልጻፍ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እንየው ይሞታል፣ ገታነህ ሸጋ ተኳሽ እንደሆነ ይቀራል። ይህን አሰብኩ። አንዴ ብቻም አይደለም።
አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እንቢ ሊል ነው፣ ከፊቱ አውቃለሁ። ከእሱ በፊት እገባለሁ። በከረጢት የያዝኩትን ቀለህ መሃላቸው እዘረግፋለሁ፣ ቁጥሩንም እናገራለሁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ናት። ትስማ።
አስማረ አየኝ። ከረጢቱ ውስጥ ምን ይዘሃል አንተ፣ ና ወዲህ እያለ ነው። ልግባ።