የኮንጋው መፈልፈያ አሁንም ቀይ ነው

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ዛሬም ቀይ ነው። ጠዋት ዲላ ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት መጀመሪያ ያፈጠጠብኝ እሱ ነው፦ «የኮንጋ መፈልፈያ ማሽን ጥገና። ጋሽ ጅግሶ። ጊዜው አልፏል።»

የዛሬ ሳምንት የኮንጋ ማጠቢያ ጣቢያችን እሸት ቡና መቀበል ይጀምራል። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ አድሮ ይሸታል። ገበሬው ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ማሽናችን ቆሞ ካየ ቅርጫቱን እንደተሸከመ መንገዱን ተሻግሮ ለነጋዴው ይሰጣል፣ ዘንድሮም አይመለስም። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወንድሙ ቁርጡን ነግሮኛል፦ ሰኞ ያ ማሽን ካልዞረ ኮንትራቴ አይታደስም። (ፊት ለፊት «አንቱ» እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አልለውም!)

ይህን ሶፍትዌር ያመጣብን ከአዲስ አበባ የተላከ አሠልጣኝ ነው። ሦስት ቀን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ አስተማረን። ለሰው የሰጠሽው ሥራ «የተወከለ» ውስጥ ይገባል፣ አንድ ነገር እየጠበቀ የቆመው «ይደር» ውስጥ፣ የተፈጸመው «ያለቀ» ውስጥ። «ከእንግዲህ ምንም ሥራ አይጠፋባችሁም» ብሎን ነበር። እውነቱን ነው፣ አይጠፋም። እዚያው ቁጭ ብሎ ያፈጥጥብኛል።

የተወከለ፦
– የኮንጋ መፈልፈያ። ጋሽ ጅግሶ።
– የማድረቂያ አልጋ የሽቦ ወንፊት። ሾፌራችን ሙባረክ።

ይደር፦
– የሚዛን ማስመርመሪያ ደብዳቤ። አቶ ወንድሙ እስኪፈርም።
– የባንኮ ጎቲቲ ጣቢያ ውሃ ቱቦ። አቶ ወንድሙ እስኪያየው።
– የጥበቃዎች የዝናብ ልብስ። አቶ ወንድሙ እስኪያስብበት።

ያለቀ፦ ባዶ።

ጋሽ ጅግሶ የይርጋጨፌን አካባቢ ማሽን ሁሉ በድምፁ የሚያውቁ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ያለፈው ማክሰኞ እኔው ራሴ ኮንጋ ድረስ ሄጄ የተበላውን ዲስክ አሳየኋቸው። «እሺ» አሉኝ። እሺ! መቼ? በስንት ቀን? ምንም የለም። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ።

ሶፍትዌሩ ላይ ማስታወሻ የሚልክ ነገር አለ። ሞላሁት። በየጠዋቱና በየማታው በስልካቸው ይደርሳቸዋል፦ «ሥራዎን አልጨረሱም፤ ይጨርሱ።» በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፣ ሌላ አይቀበልም። እስቲ አሁን ይረሱ!

ማክሰኞ

ስልካቸው ዝግ ነው። ስድስት ጊዜ ደወልኩ።

አቶ ወንድሙ ከወረዳ እንግዶች ጋር ተቀምጦ ጠራኝና «ኮንጋ የት ደረሰ?» አለኝ። «ተወክሏል» አልኩ። «መወከሉንማ አየሁት፤ ቀይ ነው!» ብሎ እንግዶቹ ፊት ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ። አንተ ሦስት ሥራ «ይደር» ውስጥ ቀብረህ እንቅልፍህን ትተኛለህ፣ ይደር ቀይ አይሆንማ! ጮሌ ሁሉ እዚያ ነው የሚደበቀው። ሥራን ማሳደር ድሮም እናውቅበት ነበር፤ አሁን በኮምፒውተር ሆነ እንጂ።

ይህን ሁሉ ልለው ፈልጌ «እሺ ጋሼ፣ እከታተላለሁ» ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ሙባረክ ላይ ስለ ወንፊቱ ጮህኩበት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ሙባረክ ወንፊቱን ኮንጋ አድርሶ ከሰዓት ተመለሰ። «ያለቀ» ውስጥ የመጀመሪያዋን ሥራ አስገባሁ። እልል!

ደስታዬ ግን ሻይዬን እስክጨርስ እንኳ አልቆየም። «ብርቱኬ» አለኝ ሙባረክ፣ «ጋሽ ጅግሶን አግኝቻቸዋለሁ። ተቀይመዋል።»

«ማ? እሳቸው?»

«አዎ። ደግሞም ትምጣ ብለዋል።»

ትምጣ! ሰማችሁልኝ? ሥራ ያጓተተው ሰው ተቀይሞ፣ ሥራ የሰጠሁት እኔ እንደ ተከሳሽ ልቀርብ! «ማሽኑስ?» አልኩት። «ስለ ማሽኑ ምንም አላሉኝም፤ ትምጣ ብቻ ነው ያሉት። አንቺ ብትሄጂ ይሻላል፣ የሳቸው አሠራር እንደሱ ነው» አለ። «የኔ አሠራር ደግሞ እዚህ ነው የተጻፈው» ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የሥራ ሰሌዳ አሳየሁት። ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ።

በንዴት ማስታወሻውን በቀን አራት ጊዜ አደረግኩት።

ሐሙስ

አቶ ወንድሙ ሳይጠይቀኝ የኮንጋን ሥራ ሐዋሳ ላለ መካኒክ ሊያዛውረው ነው። ደወለለት። ሰውየው «ከሁለት ሳምንት በፊት አልመጣም» አለ። አቶ ወንድሙ ስልኩን ዘጋና ሥራውን «ይደር» ውስጥ ሊያስገባው እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደደ። «እዚያ እንዳያስገቡት!» ብዬ ጮህኩ። ቢሮ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ደነገጥኩ፤ አለቃዬ ላይ ጮኼ አላውቅም።

«እንግዲያው አንቺ ጨርሺው» አለኝ። «ነገ ኮንጋ እሄዳለሁ» አልኩት። መኪና አልሰጥም አለ። አትስጥ!

ማታ እናቴ ጋ ሄጄ ስነጫነጭ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እሷ ዲላ ሱቅ ከፍታ ሠላሳ ዓመት ከጌዴኦ ሽማግሌዎች ጋር የኖረች ሴት ናት። የኔ ጌዴኦኛ ከሰላምታ አያልፍም፣ እሷ ግን ተጣልታበት ትታረቅበታለች። ሰማችኝና «በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትልኪባቸው?» አለች።

«አራት።»

«አራት!» አለች፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። «አባትሽን በቀን አራት ጊዜ ሥራህን ጨርስ ትይው ነበር?»

እኔ አይደለሁም ማሽኑ ነው የሚልከው አልኳት። «ማሽኑን ማን ላከው?» አለች። አኩርፌ ወጣሁ። አሁንም እንደተናደድኩ ነው፤ በማን እንደሆነ ግን እየጠፋኝ ነው።

ዓርብ

በአውቶቡስ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በሞተር ሳይክል ኮንጋ። ሌሊት ዘንቦ መንገዱ ሙጭልጭ ብሏል፣ ሁለቴ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ጫማዬ አልቋል።

ጋሽ ጅግሶ ማሽን ቤቱ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ልብሳቸው ንጹሕ ነው፣ ሠራተኛ አይመስሉም። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት።

«መጣህ?»

«መጣሁ ጋሽዬ።»

«ቁጭ በል።»

የያዝኩት ንግግር ነበረኝ፣ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁት። ሳልጀምረው ከኪሳቸው ያችን ባለባትሪ ስልካቸውን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። አሥራ አንድ መልእክት። ሥራዎን አልጨረሱም፤ ይጨርሱ። ሥራዎን አልጨረሱም፤ ይጨርሱ። እሳቸው ይህን ፊደል አያነቡም። ያነበበችላቸው ምራታቸው ናት፤ የመጀመሪያውን መልእክት ጎረቤት ለለቅሶ ተሰብስቦ እያለ፣ ምን አስቸኳይ ነገር መጣ ብላ፣ ጮክ አድርጋ። ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ነው ስልኩን የዘጉት። በከፈቱት ቁጥር ደግሞ የቀረው እየተንጋጋ ይገባል።

«አርባ ዓመት ማሽን ሠራሁ» አሉኝ። «አንድ ሰው ሁለቴ ጠይቆኝ አያውቅም። አንተ አሥራ አንዴ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። ይቅርታ አልኩ። በአማርኛም በዚያች በማላውቃት ጌዴኦኛም አልኩ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

ከዚያ «ማሽኑስ?» አልኩ፣ እየፈራሁ።

«ማሽኑ ምን ሆነ? ቅዳሜ አልቋል እኮ።»

ቅዳሜ! ስድስት ቀን! እንደገና ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ታዲያ ለምን አይነግሩኝም? ለምንስ አላስነሱትም? ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ እሳቸው ግን አልተቆጡም። ነገርን ከሥሩ ብለው አስረዱኝ። ድሮ አንድ ጣቢያ ጠግነው፣ ራሳቸው አስነስተው ሄዱ። በማግሥቱ ሌላ ሰው ነካክቶ ሰበረው፤ «ጅግሶ ሰበረው» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያዘዛቸው ሰው ቆሞ ሳያይ ማሽን አስነስተው አያውቁም። ሥራ የሰጠ ሰው መጥቶ በዓይኑ ያያል፣ ማብሪያውን በራሱ እጅ ይነካል፣ ያኔ ሥራው አለቀ ይባላል። አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሙባረክም ያውቃል። ረቡዕ ዕለት «ትምጣ» ብለው የላኩት ለዚህ ነበር፤ እኔ ልቀጣ የተጠራሁ መስሎኝ።

ማሽን ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ በከሰል የተሠመሩ አምስት መስመሮች አየሁ። ምንድን ናቸው ብዬ ጠየቅኩ።

«አንተን የጠበቅኩበት ነው» አሉ። ቅዳሜ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። እሑድን አልቆጠሩም፣ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እኔ ዲላ ተቀምጬ «የተወከለ» ውስጥ እሳቸውን ስጠብቅ፣ እሳቸው ግድግዳው ላይ እኔን ይጠብቃሉ። የሳቸው ሰሌዳ ግን ለኔ አንድም መልእክት አልላከም።

«በል» አሉኝ። ማብሪያውን ተጫንኩት። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ዲስኩ ዞረ፣ ውሃው ወረደ። ከጓሯቸው ያመጡትን አንድ ቅርጫት እሸት አፈሰሱበት፣ ቅርፊቱ በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ። አንድ ፍሬ አልተሰበረም። አለቀስኩ። እሳቸው አላየሁም ብለው ወደ ውሃው ዞሩ። ስንወጣ እርጥብ ጨርቅ አንስተው መስመሮቹን ጠረጉ።

ቅዳሜ

ጠዋት ኮንጋን ወደ «ያለቀ» አዛወርኩ። አቶ ወንድሙ በላዬ ቆሞ አየና «የዘገየበት ምክንያት» የሚለውን እንድሞላ ነገረኝ። «ብርቱካን አልሄደችም» ብዬ ጻፍኩ። አነበበውና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

ከዚያ የሚዛኑን ደብዳቤ አትሜ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ። ማስታወሻ አልላክሁም፣ አልተናገርኩም፣ ቆምኩ ብቻ። «ምንድን ነው?» አለ። «ቆሜ እያየሁ ነው» አልኩት። ፈረመ! ቱቦውና የዝናብ ልብሱ እንዳሉ ናቸው፤ ሰኞ ደግሞ እንቆማለን። ኮንትራቴን አላነሳም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አምስት ሰዓት ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማስታወሻውን አላጠፋሁትም! ብከፍተው ዛሬም ሁለት ሄዷል። ትናንት ታርቄ፣ ይቅር ተብዬ፣ ዛሬ ጠዋት «ሥራዎን አልጨረሱም»! ጠላቴም እንዲህ አያደርገኝ። አጠፋሁትና ጋሽ ጅግሶ ጋ ደወልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩ ጠራ፣ አነሱት።

«ጋሽዬ፣ ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው፣ ያ ኮምፒውተር፣ ረስቼው...»

ሳቃቸውን ሰማሁ። ከጀርባቸው ማሽኑ ይጮሃል፣ አንድ ሰው ስለ ውሃው ይጠይቃቸዋል።

«እሱ አላየማ» አሉኝ። «ንገረው። መጥቼ አይቻለሁ በለው።»