ባሮኑና ደጃዝማቹ

ኦክላንድ፣ ቅዳሜ ጥቅምት ፲፭

የልጅ ልጄ ሳራ ለትምህርት ቤት ስለ አንድ የጥንት እንግሊዛዊ ባሮን እያነበበች ነው። ሰውየው ፈረንሳይ ሲዋጋ ልጆቹ ያለ አባት አደጉ።

«አባባ፣ ባሮን በአማርኛ ምንድን ነው?»

«ደጃዝማች ይቀርበዋል» አልኳት። እንደ ልማዴ ቃሉን ከፋፈልኩላት፤ ደጅ በር፣ አዝማች ጦር መሪ።

«ሶ፣ ዶር ላይ ነው የሚዋጋው? ዳዲም ደጃዝማች ይሁን!»

ልጄ ከአሜሪካ ጦር ጋር ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶብናል። ማዕረግ ነው እንጂ ቦታው አይደለም ብዬ ማረም ነበረብኝ። አላረምኳትም።

ከራት በኋላ በሩን ልቆልፍ ስነሳ፣ «አባባ፣ ዶንት ሎክ ኢት» አለችኝ። ሰፈሩ በር ተከፍቶ የሚታደርበት አይደለም። ይኸው እስካሁን ቁልፉን ይዤ ተቀምጫለሁ።